የሰማነውን ወንጌል እንማረው



ዛሬ እዚህ በደንብያ ቆላ ድባ ተሰብስበናል። የምናገረው መጽሐፍ ቅዱስን ስለ ማጥናትና በእምነት ስለ መጽናት ነው።

የደንብያ ሕዝብ መጽሐፍ ቅዱስን አክባሪ ነው። በቅዳሴ ወንጌል ሲነበብ ከሚቆመው ሰው መካከል ከሌሊት ጀምሮ በእግሩ ሲጓዝ ያደረ ገበሬ አለ፤ ልጇን አዝላ የምታዳምጥ እናት አለች። ካህኑ ወንጌሉን ሲያሳልሙ ግንባራችንን አስነክተን እንስማለን። ይህ ክብር ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው ነው፤ ማንም እንዲያቃልለው አልወድም። እኔን የሚያሳስበኝ ከተሳለምን በኋላ ያለው ነው። ቤት ሲደረስ «ዛሬ የተነበበው ምን ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ባል ሚስቱን አይጠይቅም፣ ልጅም አባቱን አይጠይቅም። እሑድ የሰማነው ቃል ሰኞ ወደ ሥራ ስንሰማራ አብሮን አይወጣም።

ስለዚህ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። እምነታችን እንዲጠና መጽሐፉን ቁጭ ብለን መማር አለብን፤ መማሪያው መንገድ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም፤ ጎንደር ራሷ ስታስተምርበት የኖረችው ነው። ለጥቂት ሊቃውንት ብቻ ሆኖ የኖረውን ያን መንገድ ወደየቤታችን ማውረድ እንችላለን።

ከንባብ ቤት ልጀምር። በአባቶቻችን ሥርዓት ልጅ ፊደል ቆጥሮ አቡጊዳን ከጨረሰ በኋላ የመጀመሪያ መጽሐፉ የዮሐንስ መልእክት ነው። «ሐዋርያ ጀመረ» ይባላል። አንደኛ ዮሐንስ አምስት ምዕራፍ ናት። ልጁ በግእዝ ንባብ፣ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፣ ኋላም በቁም ንባብ እየደጋገመ፣ የኔታ እያረሙት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባታል። ያች መልእክት የምታስተምረው ምንድን ነው? ወንድሙን የሚጠላ ሰው ብርሃን አለኝ ቢልም ገና በጨለማ እንዳለ፣ የሚያየውን ወንድሙን ሳይወድ የማያየውን አምላክ እወዳለሁ ማለት ሐሰት እንደሆነ ነው። ሊቃውንቱ ገና አፉን ለሚፈታ ልጅ ከመጽሐፍ ሁሉ መርጠው ይህችን የሰጡት በከንቱ አይመስለኝም። ማንበብ የሚለምደው ፍቅርን በምታዝዝ መልእክት ላይ ነው።

ከዚያ ዳዊት ይከተላል። 150ውን መዝሙር የጨረሰ ልጅ «ዳዊት ደገመ» ተብሎ ወላጆቹ ደስ ይላቸዋል፤ የኔታም ይመሰገናሉ። ከዚያ በኋላ በሰባቱ ቀን ተከፍሎ ዕድሜ ልኩን የሚደግመው ጸሎት ይሆንለታል። እርሻ ላይ ሆነው ከወገባቸው ቀና ብለው መዝሙረ ዳዊትን በቃላቸው የሚያወርዱ አባቶች በዚህ አገር ብዙ ነበሩ፤ ዛሬም አልጠፉም።

ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። ከንባብ ቤት የወጣው አብዛኛው ልጅ ግእዙን አሳምሮ ያነባል እንጂ ምን እንደሚል አያውቅም ነበር። ምሥጢሩ የሚገኘው ከዜማ ቤትና ከቅኔ ቤት በላይ ካለው ከመጻሕፍት ቤት ነው። እዚያ ለመድረስ ስንት ዓመት በቁራሽ መኖር፣ ስንት ወንዝ መሻገር ያስፈልጋል። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ውሻ እየነከሰው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የኖረው ተማሪ ከሺህ አንዱ ደርሶ ይሆናል። ቃሉ እንዲህ ባለ ልፋት ተጠብቆ ለእኛ ደረሰ፤ ለዚያ ተማሪ ቁራሽ ያልነፈጉ የደንብያ እናቶችም የዚያ ትምህርት ባለድርሻ ናቸው። ቢሆንም ንባቡ ለብዙዎች፣ ትርጓሜው ለጥቂቶች ሆኖ መኖሩ ክፍተት ነበር። ያ ክፍተት ዛሬም በየቤታችን አለ።

መጻሕፍት ቤት ምን ይደረግ እንደነበር ለወጣቶቹ ልንገራችሁ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነውና። መምህሩ ወንበር ዘርግተው ይቀመጣሉ። ደቀ መዛሙርቱ ከበው ይሰማሉ። አንዱ ከግእዙ አንዲት ቁጥር ያነባል፤ መምህሩ ወደ አማርኛ ይመልሱታል። ከዚያ ማን ለማን ተናገረው፣ መቼ፣ ለምን አለው እያሉ ያብራራሉ። ታሪክ ካለው ታሪኩን ይተርካሉ፤ ከነቢያት ወይም ከሐዋርያት የሚስማማውን ቃል ይጠቅሳሉ። አንድ ፍች ሰጥተው ሲያበቁ «አንድም» ብለው ሌላውን ያስከትላሉ፤ ትርጓሜው አንድምታ የተባለው በዚህ ነው። ተማሪው የሚይዘው በቃሉ ነው። ሲመሽ በየጎጇቸው እርስ በርስ ይጠያየቃሉ፤ አንዱ የዘነጋውን ሌላው ያስታውሰዋል። በማግስቱ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ይህ ትምህርት በኢትዮጵያ ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው በጎንደር ነው። ላይ ቤትና ታች ቤት የተባሉት ሁለቱ የትርጓሜ ወገኖች ስም የወጣው በዚያው በከተማዋ ነው፤ የታች ቤቱ ትርጓሜ ከመምህር ኤስድሮስ ስም ጋር ተያይዞ ሲነገር ይኖራል፤ ዛሬ በአብዛኛው ጉባኤ የሚሰማውም የታች ቤቱ ነው። ልብ በሉ፤ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ገና ሳይታተም፣ የጎንደር ሊቃውንት ግእዙን በአማርኛ ሲያብራሩ ኖረዋል። የሕዝቡ ቋንቋ ለእግዚአብሔር ቃል ያንሳል ብለው አላሰቡም።

አሁን ከጎንደር ተነሥቶ ሩቅ የተጓዘ አንድ ሰው ላንሣላችሁ። አቡ ሩሚ ይባላል። በወጣትነቱ ለስኮትላንዳዊው ተጓዥ ለጀምስ ብሩስ በጎንደር አስተርጓሚ እንደነበረ ተጽፏል። ኋላ አገሩን ትቶ ብዙ ዞረ፤ ኢየሩሳሌም፣ ሶርያ፣ ፋርስ፣ እስከ ሕንድም ደርሷል ይባላል። በመጨረሻ ግብፅ ካይሮ ላይ ታሞ ሲቸገር አስላን ደ ሼርቪል የተባለ የፈረንሳይ ቆንስል አስጠግቶ አስታመመው። ቆንስሉ ሽማግሌው ሊቅ ሰው መሆኑን ሲያይ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ እንዲመልስ ጠየቀው።

እንዴት እንደሠሩት ስሙኝ። ዐሥር ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ቆንስሉ ደጁን ለእንግዳ ሁሉ ይዘጋ ነበር። ሁለቱ ቁጭ ብለው የዐረብኛውን መጽሐፍ ቁጥር በቁጥር፣ በዝግታ ያነባሉ። ከባድ ቃል ሲገጥማቸው ወደ ዕብራይስጡ፣ ወደ ሱርስቱ፣ ወደ ጽርዑ ይመለሳሉ፤ ሳይገባቸው አያልፉም። አቡ ሩሚ በገዛ እጁ የጻፈው 9,539 ገጽ ሆነ። ሥራው ካለቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1819 ካይሮ ውስጥ ወረርሽኝ ገብቶ እርሱን ገደለው፤ የድካሙን ፍሬ ታትሞ አላየም። በማግሥቱ ዓመት ዊልያም ጆዌት የተባለ ሚስዮናዊ ጽሑፉን ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 በለንደን ታተሙ።

ሁለት ሰዎች፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ዐሥር ዓመት። አንዱ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ፣ አንዱ ፈረንሳዊ ሹም፤ በአገርም በልማድም አይገናኙም። መጽሐፉ አገናኛቸው። እኔ ስለ አቡ ሩሚ ሳስብ የሚገርመኝ የገጹ ብዛት አይደለም፤ የማክሰኞው መደጋገም ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ማጥናት ማለት ይኸው ነው፤ ቀን ቆርጦ፣ ሰው ይዞ፣ በዝግታ ማንበብ፣ ያልገባውን ሳይፈቱ አለማለፍ፣ ለዓመታት አለማቋረጥ። የመጻሕፍት ቤቱም ሥርዓት ከዚህ አይለይም።

የታተመው ወንጌል ብዙ ሳይቆይ ወደ አገሩ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1830 ሳሙኤል ጎባት የተባለው ስዊሳዊ ሚስዮናዊ የአማርኛውን ወንጌል ይዞ ጎንደር ገባ። ከዚያ በኋላም በ1860ዎቹ ሚስዮናውያኑ እነ ማርቲን ፍላድ በዚሁ በደንብያ በጀንዳ ጣቢያ አቁመው ነበር። በትምህርታቸው ብዙ የማንስማማበት አለ፤ በተለይ ቤተ እስራኤልን ከሃይማኖታቸው ለማውጣት ያደረጉት ብዙ ቤተሰብ የከፈለ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ወንጌልን በአማርኛ ማንበብ ከደንብያ አፈር ጋር ከተዋወቀ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ እንዳለፈው ማወቅ ይገባናል። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ በሊቃውንት የተዘጋጀው ትርጉም ወጣ፤ ብዙዎቻችሁ በየቤታችሁ ያላችሁ እርሱ ነው። ዛሬ ልጆቻችሁ ሙሉውን በስልካቸው ይዘውት ይዞራሉ። አቡ ሩሚ ዐሥር ዓመት የለፋበት በኪሳችን ገብቷል። ከኪስ ወደ ልብ ያለው መንገድ ግን አልተጠረገም።

ወጣቶች፣ እናንተን እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። በስልክ የሦስት ደቂቃ ስብከት ትሰማላችሁ፤ ሰባኪው አንዲት ጥቅስ ይመዝዛል፣ ይጮኻል፣ ያልፋል። ከእርሱ በኋላ ሌላው ይመጣል። መልካም የሚናገሩ አሉ፤ አልነቅፍም። ሆኖም በዚህ መንገድ ብቻ ያደገ እምነት የሰው እምነት ነው። ሰባኪው ሲሳሳት አብሮ ይሳሳታል፤ ሰባኪው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። የቤርያ ሰዎች በሐዋርያት ሥራ 17 የተመሰገኑት ጳውሎስ ራሱ ሲያስተምራቸው እንኳ የተባለው እውነት እንደሆነ ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ስለመረመሩ ነው። ጳውሎስን የመረመረ ተመሰገነ እንጂ አልተወቀሰም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የእኛው ሰው የሕንደኬ ባለሟል ያለበት ነው። በሰረገላው ላይ ኢሳይያስን ጮክ ብሎ ያነብ ነበር፤ ፊልጶስ የሰማው ለዚህ ነው። የምታነበው ይገባሃል ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይገባኛል ብሎ መለሰ። ይህ ሰው የመላ ገንዘብ ቤቱ አዛዥ ነው። ባዕድ መንገደኛ ቀርቦ ሲጠይቀው ሊቆጣ ይችል ነበር፤ ግን አላፈረም። ሰረገላው ላይ አውጥቶ አስቀመጠው። ቀጥሎም ጥያቄ ጠየቀ፤ ነቢዩ ይህን የሚለው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ? ጥያቄው ትክክለኛ የአንባቢ ጥያቄ ነው። ከዚያ ውኃ ሲያይ የገባውን ሊፈጽም ራሱ ጠየቀ፤ ቀጠሮ አላበዛም። እኛ ከዚህ ታሪክ ወገናችን በመኖሩ እንኮራለን። መኩራቱ ደግ ነው፤ ግን እርሱ ያደረገውን ብናደርግ ይበልጣል፤ ማንበብ፣ አልገባኝም ማለት፣ መጠየቅ፣ የገባንን መፈጸም።

ማጥናት ሰውን እንዴት እንደሚለውጥ በአንድ ምሳሌ አሳያችኋለሁ፤ የእኛን አገር ቁስል የሚነካ ነው። በማቴዎስ 18 ጴጥሮስ ወንድሙን ስንት ጊዜ ይቅር እንደሚል ጌታን ይጠይቃል። ጌታም እልፍ መክሊት ዕዳ የተተወለትን ባሪያ ይነግረዋል፤ ያ ባሪያ ወጥቶ መቶ ዲናር ዕዳ ያለበትን ባልንጀራውን ያንቀዋል። ይህን በቅዳሴ ብንሰማው ባሪያው ክፉ ነው ብለን እናልፋለን። ቁጭ ብለን ስናጠናው ግን አንዱ «ዲናር ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ሌላው ማቴዎስ 20ን ይግለጥ፤ እዚያ በወይን ቦታ የተቀጠሩት ሠራተኞች የቀን ዋጋቸው አንድ ዲናር ነው። እንግዲህ መቶ ዲናር የመቶ ቀን ድካም ነው። በዚህ አገር የቀን ሠራተኛ መቶ ቀን ቢሠራ የሚያገኘውን አስቡት፤ ቀላል ገንዘብ አይደለም። መክሊት ደግሞ ስድስት ሺህ ያህል ዲናር ነው፤ እልፍ መክሊት በሰው ዕድሜ ተሠርቶ የሚከፈል አይደለም።

አሁን አያችሁ? ጌታ የበደለህ ሰው ያደረገብህ ትንሽ ነው አላለም። የመቶ ቀን ድካም ወስዶብሃል፤ እውነተኛ ዕዳ ነው፤ መጉዳቱን አያስተባብልም። ይህን ያልተማረ ሰው ይቅር በል ሲባል ቁስሉን የናቁበት ይመስለዋል። እኛ አገር ደም ስንት ቤት አፍርሷል፤ ወንድሙ የተገደለበት ሰው ይቅር በል ሲሉት የሚቆጣው ሐዘኑን ቀላል ያደረጉበት ስለሚመስለው ነው። ሽማግሌዎቻችን ለዕርቅ ሲቀመጡ ጉዳቱን በዝርዝር ሰምተው፣ ቆጥረው፣ ከዚያ ወደ ዕርቅ የሚሄዱት ለዚህ ነው። ወንጌሉም እንዲሁ ያደርጋል፤ ዕዳውን ቆጥሮ ካሳየ በኋላ ለአንተ የተተወልህን አስብ ይላል። ይህን ያጠና ሰው መሐሪ ለመሆን ምክንያት አለው። ደም በሚፈላበት ጊዜ የሚይዘው ነገር አለው። ጽናት የምለው ይህን ነው።

እንዲሁም ጾሙን ውሰዱት። የዐቢይ ጾም እሑዶች እያንዳንዳቸው ስምና ንባብ አላቸው፤ ግጻዌው አስቀድሞ ደንግጎታል። ዘወረደ ዮሐንስ 3፣ ቅድስት ማቴዎስ 6፣ ምኵራብ ዮሐንስ 2፣ መጻጉዕ ዮሐንስ 5፣ ደብረ ዘይት ማቴዎስ 24፣ ገብር ኄር ማቴዎስ 25፣ ኒቆዲሞስ እንደገና ዮሐንስ 3 ነው፤ ከዚያ ሆሳዕና ይገባል። ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ገብር ኄር ደረሰ፣ ኒቆዲሞስ ነው እንላለን። ቅዳሜ ማታ ራት ከተበላ በኋላ ያን ምዕራፍ በአማርኛ የሚያነብ ቤት ቢኖር፣ እሑድ ቅዳሴ ላይ የሚሰማው ወንጌል እንግዳ አይሆንበትም። ካህኑ ሲሰብኩም ከየት እንደተነሡ ያውቃል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ማንበብ የሚችል አንድ ልጅና ዝም ብሎ የሚሰማ ቤተሰብ ይበቃል።

እናቶቼ፣ «እኛ ፊደል አልቆጠርንም» እንደምትሉ አውቃለሁ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍለት እምነቱ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደነበረ ይነግረዋል፤ ከሕፃንነቱም ቅዱሳት መጻሕፍትን እንዳወቀ ያስታውሰዋል። ከአያት ጀምሮ ነው የወረደለት። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ «እስቲ አንብብልኝ» በሉት። ሲያነብ ጠይቁት። ያልገባችሁን ስትጠይቁት እርሱም ያልገባው መሆኑን ያውቃል፤ ያኔ ሁለታችሁም ካህኑን ትጠይቃላችሁ። በዚህ መንገድ ያደገ ልጅ ኋላ ወደ ከተማ ሲሄድ ሃይማኖቱን መንገድ ላይ አይጥልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አልዘልም፤ ይህ ያስጨንቀኛል። ማጥናት ራሱ ሰውን ሊያኮራ ይችላል። ጎንደር በሊቃውንት በሞላችበት ዘመን በነገረ ክርስቶስ ላይ ቅባት፣ ጸጋ እየተባለ ካህናቱ ተከፋፈሉ፤ ጉባኤው ነገሥታቱን ሳይቀር ወገን አስያዘ፤ ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ በአፄ ዮሐንስ ፊት ተወሰነ። እነዚያ ሰዎች መጽሐፍ አያውቁም አይባልም። ሃይማኖት ያለ ጥርጥር መጠበቅ አለበት፤ ይህን አልክድም። ግን ጥቅስ ፈልጎ ወንድሙን ለመርታት ብቻ የሚያነብ ሰው፣ ልጁ ንባብ የጀመረባትን የዮሐንስን መልእክት ረስቷል። የጥናት ጉባኤያችን የክርክር ጉባኤ እንዳይሆን አደራ እላለሁ። እንዲሁም መሪ የሌለው ጥናት አደገኛ ነው። አንድ ጥቅስ ከምዕራፉ ነጥሎ አውጥቶ የፈለገውን ማለት ለሚችል ሰው ስሕተት ቀላል ነው። ስለዚህ ከመምህር ጋር፣ ምዕራፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንያዝ።

ከኛ በፊት በመከራ ጊዜ ያጠኑ ሰዎች አሉ። በ1983 ዓ.ም. ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ የተላኩ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች በሰፈሩ ተሰባስበው ይጸልዩና ይማማሩ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ማኅበረ ቅዱሳን የተመሠረተው ከዚያ መሰባሰብ ነው። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ጉባኤ የሚባለው የተማሪዎች ትምህርት ከዚያ የመጣ ነው። በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያናቸው የተዘጋባቸው የወንጌላውያን አማኞችም በየቤቱ ትንሽ ትንሽ ሆነው መጽሐፍ ሲያጠኑ እምነታቸውን ጠበቁ። መከራ ሲመጣ ሕንፃ ሊዘጋ ይችላል፤ በልብ የገባው ግን አይዘጋም።

ይህን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ጥር 1880 ዓ.ም. በዚሁ በደንብያ በሳር ውኃ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከሱዳን በመጣው ደርቡሽ ተሸነፉ፤ ደርቡሾቹ ወደ ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ስንት የብራና መጽሐፍ፣ ስንት ዘመን የተጻፈ፣ በዚያ እሳት ጠፋ። ትርጓሜው ግን አልጠፋም፤ በመምህራኑ ቃል ነበርና። ከእሳቱ በኋላም ወንበር ተዘረጋ፣ ጉባኤ ተተከለ፣ ትምህርቱ እኛ ዘንድ ደረሰ።

የደንብያ ገበሬ ይህን በሽምብራው ያውቀዋል። ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሲያልፍ፣ ዝናቡ ሊያቆም ሲል ነው። ከዚያ በኋላ ዝናብ ባይጥልም ዋልካው ክረምቱን የጠጣውን ውኃ ይዞ ያሳድገዋል። እነዚህ ያለፉት ዓመታት በክልላችን ከባድ ሆነዋል፤ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ብዙ ቤት ሐዘን ገብቷል፣ ወጣቱ ነገውን አያውቅም። በእንዲህ ያለ ጊዜ እምነት የሚኖረው አስቀድሞ በጠጣው ነው። ዛሬ ያልጠጣን እንደሆነ ደግሞ ለሚቀጥለው በጋ የምናወጣው አይኖረንም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። አባቶች ካህናት፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ስጡን። ከቅዳሴ በኋላ ይሁን፣ ከሠርክ በኋላ ይሁን፣ እናንተ ምረጡ። በዚያ ሰዓት ስብከት አንጠይቃችሁም፤ አብራችሁን ተቀመጡና ምዕራፉን እናንብብ፣ እንጠይቃችሁ፣ ያልገባንን ፍቱልን። ጥያቄው የሞኝ ቢመስልም አትቆጡን። መምህራኑ ጉባኤ የሚይዙ ከሆነ ደግሞ እነርሱ ወንበር በያዙበት ቀን እኛ እንመጣለን።

ወላጆች፣ በቤታችሁ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከሌለ ለልጃችሁ ከምትገዙት ልብስ ቀንሳችሁ ግዙ። ካለ ደግሞ ከሣጥን አውጡት። በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ መጽሐፍ ክብሩን አገኘ አልልም።

ወጣቶች፣ ስምንት ወይም ዐሥር ሆናችሁ ተሰባሰቡ፤ ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ተከፈሉ፤ ብዙ ሲሆኑ ጥቂቶች ብቻ ይናገራሉ፣ ሌላው ይሰማል። ሁሉም በተራ ያንብብ። አንድ ሰው ያልገባውን በወረቀት ይጻፍ፤ ለካህኑ ይቅረብ። በቃል የሚያዝ አንድ ቁጥር በየሳምንቱ ያዙ፤ የአንዱ ቃል ሲጠፋ ሌላው ያስታውሰው። ካጠናችሁት ውስጥ በዚያ ሳምንት የምትፈጽሙትን አንድ ነገር ተነጋገሩ፤ የተጣላችሁት ሰው ካለ ሂዱና ታረቁ፣ የተበደራችሁት ካለ መልሱ፣ የታመመ ጎረቤት ካለ ጠይቁት። በሚቀጥለው ሳምንት ከመጀመራችሁ በፊት «አደረግከው?» ተባባሉ። ያዕቆብ በመልእክቱ ቃሉን የሚሰማ ብቻ ሆኖ የማያደርገውን ሰው ገጹን በመስተዋት አይቶ ሄዶ ወዲያው ከረሳ ሰው ጋር ያመሳስለዋልና።

የምንጀምረው በማርቆስ ወንጌል ነው። ከአራቱ አጭሩ እርሱ ነው፤ 16 ምዕራፍ አለው። በሳምንት አንድ ምዕራፍ ከያዝን በአራት ወር እንጨርሰዋለን። ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ የምትመጡ ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁን ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ጸሐፊ አስመዝግቡ፤ መጽሐፍ ቅዱስ የሌላችሁም ንገሩን፣ ሁለት ያለው ለሌለው ያውሳል።